ልጄ ቃሊቲ ሥራ አገኘች፤ ስለ አቃቂና ቃሊቲ የምታውቁ የጅማ ሰዎች እባካችሁ

የቦሳ ቂጦ አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ከዚሁ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በኬሚካል ምህንድስና ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ስትባዝን ከርማለች። አሁን አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ አካባቢ ከሚገኝ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ሥራ ተገኝቶላታል፤ ተመስገን ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አዲስ አበባን የማውቃት በአውቶቡስ ተራና በመርካቶ በኩል ነው፤ ቢበዛ እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። አቃቂና ቃሊቲ ሲባል ጆሮዬ ላይ ያለው ወህኒ ቤት፣ ጭስና ጉምሩክ ነው። እናቷም «ልጄን በፋብሪካ መሀል አላስቀምጥም» ብላ አኩርፋለች።

ለመሆኑ እዚያ ሰው ይኖርበታል ወይስ ሠርቶ ይሄዳል? ሴት ልጅ ብቻዋን ተከራይታ የምትኖርበት ሰፈር የትኛው ነው? ውኃው፣ አየሩ፣ መመላለሻውስ? አንዱ ዘመዳችን መገናኛ ትከራይና ትመላለስ ይላል፤ ሌላው አቃቂ ርካሽ ነው ይላል። የፋብሪካው በር ቃሊቲ መናኸሪያን አልፎ ወደ አቃቂ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ መሆኑ ብቻ ተነግሮናል።

የሊሙ ጭነት

ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ልጅዎ ባዕድ አገር አይደለም የምትሄደው። እኔ ቡና አመላላሽ ነኝ። ከሊሙና ከአጋሮ የምንጭነው ቡና ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት ከሚያልፍባቸው ቦታዎች አንዱ ያ አካባቢ ነው። ላኪዎች ቡና የሚያበጥሩባቸውና የሚያስለቅሙባቸው መጋዘኖች ከሳሪስ ወደ ቃሊቲና ወደ ገላን በሚወስደው መስመር ብዙ ናቸው። መጋዘን ውስጥ ቢገቡ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ሲለዩ ያያሉ። የገለባው አቧራ ሽታ እዚህ ጅማ ካለው መቀሸሪያ ቤት ምንም ልዩነት የለውም።

አቀማመጡን ልንገርዎት። ከጎተራ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሳሪስ ይመጣል። የቀለበት መንገዱ የሚያልፍበት አደባባይ ቃሊቲ ነው። ከዚያ መናኸሪያው፣ የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛው፣ በግራና በቀኝ የብረታ ብረት፣ የምግብ፣ የቆርቆሮና የቀለም ፋብሪካዎች። ቀጥሎ የወንዙ ድልድይና የድሮዋ አቃቂ ከተማ። ወደ ምሥራቅ ሲሉ ገላን፣ ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱ። ከቱሉ ዲምቱ ደግሞ ወደ አዳማ የሚሄደው የክፍያ መንገድ ይነሳል፤ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ከተማ ስም ይጠራል እንጂ አንድ ሰፈር አይደለም። ሰው «አቃቂ ቃሊቲ ነው የምኖረው» ሲልዎት ገና ምንም አልነገረዎትም።

አንድ ነገር ይወቁ። የአገሪቱ የወጪና የገቢ ጭነት ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ አዲስ አበባ የሚገባውም በአብዛኛው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። ስለዚህ መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ልጅዎ መንገድ ማቋረጥን እንደ ሥራ ትቁጠረው።

ሐሙስ ገበያ

ወህኒ ቤቱን ይተዉት አባቴ። ጅማ ሲባል ጫት ብቻ የሚታየው ሰው ስንት አለ?

አሮጌው ሐዲድ

እኔ አቃቂ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ጅማ የማስተምር ሰው ነኝ። እዚያ ሰው ይኖርበታል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እኔ ነኝ።

አቃቂን ያቆማት ባቡር ነው። የጅቡቲው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አቃቂ ደርሶ ቆይቶ ነበር። ዋና ከተማው ሳይደርስ የመጨረሻው ጣቢያ ለጥቂት ጊዜ እኛ ዘንድ ነበር ማለት ነው። የድሮዋ ጅማ፣ ሂርማታ፣ በሐሙስ ገበያ ዙሪያ እንዳደገችው ሁሉ አቃቂ በጣቢያው ዙሪያ አደገች። ሜዳ ነው፣ ወንዝ አለ፣ ሐዲድ አለ፤ ፋብሪካ የሚፈልገው ይኸው አይደል? በጣሊያን ወረራ ዘመን የምግብ ፋብሪካ ቃሊቲ ላይ ተተከለ፤ የአባ ሳሙኤል ግድብም በዚያው ዘመን መብራት መስጠት ጀመረ። ከዚያ በንጉሡ ዘመን የሕንድ ባለ ሀብቶች ያሉበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሲወርሰው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሆነ። ከዚያም ብረታ ብረቱ፣ የመለዋወጫ ፋብሪካው።

የፈረቃ ሰዓት ሲደርስ የፋብሪካው ጩኸት ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ ነበር። እናቶች ድስት የሚጥዱት በሱ ነው፤ ትምህርት ቤት የምንሄደው በሱ ነው። የሌሊት ፈረቃ የጨረሱ ሴቶች ጠዋት ሲመለሱ ሹሩባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ተጣብቆ ከሩቅ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ይመስሉ ነበር። ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ዶርዜው በአንድ ግቢ ኖሯል። አቃቂ «የወዛደር ከተማ» የተባለችው በከንቱ አልነበረም። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ግን ብዙው ቤተሰብ ተጎዳ። አባቶች በር ላይ ተቀምጠው ቀሩ፤ እናቶች ጉሊት ወጡ። በኋላ አዳዲስ ፋብሪካዎች በመንገዱ ዳር ሲመጡ የሚቀጥሩት የእኛን ልጆች ሳይሆን ከሩቅ የመጡ ወጣቶችን ሆነ፤ ይህን የምለው በቅሬታ ነው፣ አልደብቅም። የእርስዎን ልጅ ግን በደስታ እንቀበላለን።

ጂሬን በር

የማይገባኝ ነገር አለ። ጅማም የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጥተው ሲመርቁት ስንቶቻችን ልጆቻችን እዚሁ ይቀራሉ ብለን ነበር! በ75 ሄክታር ላይ ዘጠኝ ትልልቅ ሼዶች ቆመዋል። የኬሚካል መሐንዲስ ከጅማ ተነስታ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዛ፣ ደመወዟን ለቤት ኪራይ ከፍላ፣ የሌላ ከተማ ጭስ ትጠጣ?

የቦሳ ቂጦ አባት

ጂሬን በር፣ እኔም እዚህ ብትቀር ደስ ባለኝ። አመልክታ ነበር። የተገኘው ለስፌት ሠራተኞች እንጂ ለእሷ ሙያ የሚሆን አልነበረም።

አጂፕ ማዶ

ነገሩ ይሄው ነው። ፓርኮቹ ሲታሰቡ ልብስ ሰፍቶ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መላክ ነበር ዋናው ስሌት። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከዚህ ከቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስታስወጣ ስሌቱ ተናጋ፤ ለሐዋሳም፣ ለጅማም፣ ለኮምቦልቻም። ሌላው ደግሞ መንገድ ነው። ፋብሪካ ጅማ ላይ ሠርቶ ዕቃውን ወደ ጅቡቲ ለማድረስ መጀመሪያ አዲስ አበባን ማቋረጥ አለበት። አቃቂ ላይ የተተከለ ፋብሪካ ግን ከበሩ ሲወጣ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ገበያውም፣ ባንኩም፣ ጉምሩኩም፣ መለዋወጫውም እዚያው አለ። ባለ ሀብት ለምን እዚያ ይከማቻል ብሎ መቆጣት ይቻላል፤ ካርታውን ማየት ግን ይቀድማል።

እኔ የሚቆጨኝ የልብስ ስፌቱ ሳይሆን የእኛው ነገር ነው። ቡናውን፣ ማሩን፣ የጅማን እንጨት ሥራ እዚሁ አሰናድቶ ማውጣት ሲቻል ጥሬውን በወንድማችን በ«የሊሙ ጭነት» መኪና እንልካለን። ይቅርታ ወንድሜ፣ እንጀራህን መንካቴ አይደለም።

የሊሙ ጭነት

ቡናው እዚህ ተለቅሞ በካርቶን ቢታሸግም የሚጭነው ሰው ያስፈልገዋል። ቀጥል።

የቦዬ ውኃ

በአካባቢ ጤና የተመረቅሁ ነኝ፤ ስለ ውኃውና ስለ አየሩ የተጠየቀውን ልመልስ። ጭሱ እንደሚወራው በሁሉም ቦታ አይደለም፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስና ቤቱ ከየትኛው ፋብሪካ ጀርባ እንደሆነ ይወስነዋል። ብረት ማቅለጫ አጠገብ ያለ ቤት ኪራዩ ለምን እንደረከሰ ለመረዳት ማታ መሄድ ያስፈልጋል። ቀን ብቻ አይታችሁ አትከራዩ።

ዋናው ጉዳይ ወንዙ ነው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከእንጦጦ ተራሮች በኩል ተነስተው ከተማውን አቋርጠው ይወርዳሉ። የቆዳ ፋብሪካውን፣ የቤቱን፣ የጋራዡን ፍሳሽ ሁሉ ተሸክመው ሁለቱም አባ ሳሙኤል ይገባሉ፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላሉ። አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ የከተማው ግርጌ ነው፤ ላይኛው ሰፈር የጣለው ሁሉ እዚያ ይደርሳል። በወንዙ ዳር በመስኖ የሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ያሳዩ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ ክሮምየም፣ እርሳስና ካድሚየም በየጥናቱ ይጠቀሳሉ። መታጠብ ከላዩ ያለውን ተሐዋስ ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። ስለዚህ ልጅቷ ቅጠላ ቅጠል የምትገዛበትን ሰው «ከየት ነው?» ብላ ትጠይቅ። ጎመኑ ከወንዙ ዳር ከሆነ ይቅርባት።

የሚገርመው ደግሞ እዚያው ምድር ሥር ያለው ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፍ ያለ ድርሻ የሚመጣው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ከላይ የቆሸሸ ወንዝ፣ ከሥር የከተማዋ መጠጥ። ውኃው ግን ወደ ላይ ተገፍቶ ሄዶ በፈረቃ ነው የሚመለሰው፤ በጉድጓዱ አጠገብ መኖር ቧንቧ ሁልጊዜ ይፈስሳል ማለት አይደለም።

ለእኛ ለጅማዎችም ይህ እንግዳ መሆን የለበትም። በየወረዳው የቡና ማጠቢያው ወቅት ሲደርስ ጅረቶቻችን ምን እንደሚሸቱ እናውቃለን። አዌቱም ከተማችንን አቋርጦ ቦዬ ረግረግ ሲደርስ ምን ይዞ እንደሚደርስ ሄዳችሁ እዩ። ጉማሬዎቹ አፍ ቢኖራቸው ይመሰክሩ ነበር።

ሐሙስ ገበያ

አፍስ አላቸው፤ ያውም ሰፊ።

የአባ ሰጉድ በረራ

ከአባ ሳሙኤል ጋር በተያያዘ ትንሽ ኩራት ይፈቀድልኝ። የእነሱ ግድብ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነው ይባላል፤ የሚያመነጨው ግን 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ለብዙ ዓመታት ቆሞ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ቻይናዎች አድሰውታል። ከጅማ አለፍ ብሎ ያለው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ነው። ፋብሪካዎቻቸው የሚዞሩት በእኛ ወንዝ ጭምር ነው፤ ከኪራዩ ላይ ቅናሽ ሊደረግልን ይገባል።

ገላን ሦስተኛ ፎቅ

የአጋሮ ልጅ ነኝ፤ ገላን ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ የምሠራውም ቃሊቲ ነው። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ልክ ሆኖ ሳለ ልጅቷ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የምትጋፈጠውን ግን ማንም አልነገራትም።

አባቴ፣ በመጀመሪያ ፋብሪካው ሰርቪስ አለው ወይ ብለው ይጠይቁ። ካለው በየት በየት ያልፋል? የቤት ፍለጋው እዚያ ላይ ይጀምር። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ለሠራተኛ አውቶቡስ አላቸው፤ የሚያልፉት ግን በተወሰነ መስመር ነው። ከመስመሩ ሁለት ፌርማታ ወጣ ብሎ የተከራየ ሰው በኪራይ ያተረፈውን በታክሲ ይከፍላል፤ ያውም ታክሲ ከተገኘ። ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ላይ ያለውን ሰልፍ ያላየ ሰው ስለ ሰልፍ አያውቅም። ሰልፉ ታጥፎ ታጥፎ የዳቦ ቤቱን በር ይዘጋል፤ ባለ ዳቦ ቤቱም እያለፈ ለሚገዛው ሰው በመስኮት ይሸጣል።

መገናኛ ተከራይቶ መመላለስ የሚባለውን ይርሱት። መንገዱ ከተዘጋ ከተዘጋ ነው። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ድረስ የሚመጣው መስመር ተስፋ ሰጥቶን ነበር። አሁንም ለሳሪስና ለስታዲየም ሰው ይጠቅማል። ግን ባቡሮቹ ቀንሰዋል፤ መጨናነቁም በሴት ልጅ ትከሻ የሚቻል አይደለም፤ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ደግሞ አይቀጥልም።

ኮንዶሚኒየሙ ለብቻዋ ለሆነች ሴት ይሻላል ባይ ነኝ። ጥበቃ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ደረጃ ላይ ሰላም የሚል ሰው አለ። ቡና ስታፈላ ጎረቤት ትጠራለች፤ የጅማ ቡና እንደሆነ ሲሰሙ ሳይጠሩም ይመጣሉ። ጉዳቱ ውኃ ነው። በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣበት ሌሊት ተነስቶ በርሜል መሙላት ያስፈልጋል። ላይኛው ፎቅ ላይ ግፊቱ ስለሚያንስ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት አለ። እኔ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ አልከራይም ያልሁት ለዚህ ነው።

ሌላው ጭቃ ነው። ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ጫማ ይውጣል። ዋናው አስፋልት ላይ እስክትደርስ ድረስ ቦት ጫማ አድርጋ፣ የሥራ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ትውጣ። ሁላችንም እንዲያ ነን፤ የሚያፍር የለም።

የቦሳ ቂጦ አባት

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ምላሽ ነበር የናፈቀኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ሕክምናስ? ብትታመም የት ትሄዳለች? ብርዱስ? እኛ እዚህ በሹራብ ብዙ አንቸገርም።

ገላን ሦስተኛ ፎቅ

ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል እዚያው ክፍለ ከተማው ውስጥ ነው፤ የመንግሥት ነው፤ ሰው ይበዛበታል እንጂ ቅርብ ነው። ብርዱ ከእንጦጦ በኩል ካለው ሰፈር ይሻላል። የከተማው ዝቅተኛ ክፍል ስለሆነ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው፤ ጅማ ከዚያ በ300 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። ሜዳ ስለሆነ የሚመልሰው ነገር የለም። ጋቢ ትላኩላት።

አሮጌው ሐዲድ

እህቴ ኮንዶሚኒየሙን አወደሰች፤ እኔ ለድሮዋ አቃቂ ልቁም። ፋብሪካው ከወንዙ በአቃቂ ከተማ በኩል ከሆነ ከአቃቂ ከተማ በእግር ሊደረስ ይችላል። ግቢ ውስጥ ያሉ ክፍሎች ይከራያሉ፤ አከራዮቹ ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሰዎች ናቸው። የፈረቃ ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ማታ አመሸሽ ብለው በር አይዘጉም። ገበያው ቅርብ ነው፤ ሽንብራውና ምስሩ ከዙሪያው ገበሬ በቀጥታ ይመጣል፤ ጤፉም እንደዚያው። ቤቶቹ አርጅተዋል፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ይህን አልክድም። የሰፈሩ መልሶ ማልማትም ስለሚወራ የኪራይ ውሉን ስትፈርም ባለቤቱ ምን እንደሰማ ትጠይቅ።

ጂሬን በር

የጋራ መጸዳጃ ለመሐንዲስ! ሐሳቤን አልቀየርሁም።

አሮጌው ሐዲድ

በጋራ መጸዳጃ አድገን እዚህ ደርሰናል ጌታዬ።

የኮቺ ልጅ

አንድ የረሳችሁት አለ። ክፍለ ከተማው በአዲስ አበባ ወሰን ላይ ሆኖ ከኦሮሚያ ጋር ስለሚዋሰን «ገላን» ሲባል ሁለት ነው። የአዲስ አበባው ገላን ኮንዶሚኒየም አለ፤ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ያለው፣ ብዙ ፋብሪካ ያለበት የኦሮሚያው ገላንም አለ። ደላላ «ገላን» ሲል የትኛው ነው ብላ ትጠይቅ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የመሸኛ ወረቀትና የታክሲ ታሪፍ ጉዳይ ስለሚለያይ መጀመሪያ ማወቁ ድካም ይቀንሳል። ደላላ ደግሞ ከጅማ መጣሁ ያለ ሰው ሲያገኝ ዋጋ ይጨምራል፤ የቡና ባለ ሀብት ነን ብሎ ያስባል።

ልጅቷ ነኝ

አባዬ ይህን ሁሉ ሕዝብ ስለ እኔ ሲያወያይ እንደነበር ዛሬ ነው ያየሁት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እማዬም አስነብቤያት ኩርፊያው ረገብ ብሏል፤ ጉማሬዎቹ ላይ ስትደርስ ሳቀች።

ፋብሪካው ደውዬ ሰርቪሱን ጠይቄያለሁ። አንዱ መስመር ከሳሪስ ይነሳል፤ ሌላው ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በገላን ኮንዶሚኒየም አጠገብ አልፎ ይመጣል። ጠዋት 12፡15 ላይ እዚያ ይደርሳል ብለውኛል። ፈረቃ ገና አይመድቡኝም፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ቀን ቀን ነኝ። ስለዚህ ገላንን፣ ያውም የአዲስ አበባውን ይዣለሁ። የጋሼ አሮጌው ሐዲድን አቃቂ ግን ሄጄ አያታለሁ፤ የሌሊት ፈረቃ ከጀመርሁ በእግር መመለስ የሚቻልበት ቤት ይሻለኛል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ለገላን ሦስተኛ ፎቅ፦ የሁለት ወይም የሦስት ሴቶች የጋራ ኪራይ ይገኛል? ብቻዬን ስቱዲዮ ከምይዝ ከሌሎች ጋር ባለ ሁለት መኝታ ብጋራ ይሻለኛል። እናቴ ይህን አታንብብ እንጂ ብቻዬን ማደር እፈራለሁ።

ገላን ሦስተኛ ፎቅ

ይገኛል። እኛ ብሎክ ላይ ሁለት የምግብ ፋብሪካ ልጆች ሦስተኛ ይፈልጋሉ፤ አንዷ የበደሌ ልጅ ናት። አራተኛ ፎቅ ነው፣ እዘንልሽ፤ በርሜል ግን አላቸው። በግል መልእክት ጻፊልኝ፤ ሳታዪው ቅድሚያ ክፍያ እንዳትልኪ፣ ለእኔም ቢሆን።

የቦሳ ቂጦ አባት

እናትሽ አንብባዋለች።

የሊሙ ጭነት

ጋሼ፣ ፍራሽና ዕቃ ካላት በአውቶቡስ አትሰቃይ። ማክሰኞ ማታ ጭነት ይዤ እወጣለሁ፤ ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይፈቀድለት ሌሊቱን ነው የምገባው። በሰበታና በዓለም ገና አድርጌ በቀለበቱ መንገድ ቃሊቲ እደርሳለሁ። ዕቃውን መጋዘኑ ጥበቃ ዘንድ አስቀምጥላታለሁ። እሷ ግን በቀን አውቶቡስ ትምጣ። በርጩማም ቢኖር ጫኑ፤ እዚያ አንዱን በሦስት እጥፍ ነው የሚሸጡት።